የሚያድር እንግዳ

ከላሊበላ ወደ አክሱም በአውሮፕላን የተጓዘ ሰው ዋግን አይቶታል፤ ማየቱን ግን አያውቅም። በመስኮቱ ቁልቁል ሲመለከት ሸንተረር ከሸንተረር እየተያያዘ፣ ገደል በገደል ላይ እየተደራረበ ወደ ተከዜ የሚወርድ አገር ያጋጥመዋል። ስሙን የሚነግረው የለም። ተጓዡ አንገቱን መልሶ ስለ አክሱም ሐውልት የያዘውን መጽሐፍ ያነብባል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ1950ዎቹ ሃብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት አደራጅተው፣ «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር ኢትዮጵያን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን በአየር የሚያያይዝ «ታሪካዊ መስመር» ተዘረጋ። ለዘመኑ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ መኪና በማይደርስበት አገር እንግዳን ቶሎ የሚያደርሰው አውሮፕላን ነው። ነገር ግን መስመሩ ከዘመኑ አልፎ ኖረ። አውሮፕላን የሚያርፍባቸው ከተሞች ሆቴል ሠሩ፣ አስጎብኚ አፈሩ፣ በጉዞ መጻሕፍት ላይ ገጽ አገኙ። በመካከላቸው ያለው አገር ከክንፍ በታች ቀረ። የዋግ ኽምራ መዲና ሰቆጣ ከቀሩት አንዷ ናት።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ያንኑ አገር በምድር ልየው ብዬ ከላሊበላ ወደ ሰሜን አመራሁ። መንገዱ በቢልባላ በኩል ነው። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚገነጠለውን አቅጣጫ በአንድ ወገን ትቶ፣ የቢልባላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አልፎ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወርዳል። ክረምት ስለነበር ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ ወርደን የገፋንበትም ቦታ ነበር። ዋግ ግን ለምለም የሚሆነው በዚህ ወቅት ነው። በበጋ ድንጋይ ብቻ የሚመስለው ተዳፋት ማሽላና ጤፍ ለብሶ፣ ጅረቱ ሁሉ እየተንዶቆዶቀ ወደ ተከዜ ይሮጥ ነበር።

ከቢልባላ በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ አንድም ፈረንጅ አልነበረም፤ አውቶቡሱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ፣ ከወልድያ፣ ከባሕር ዳር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ የቤት ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ነርስ። ጥልፍ ቀሚሳቸውን በፌስታል አጣጥፈው ይዘዋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሹሩባዋን በሻርፕ ጠቅልላ መንገዱን ሙሉ አንገቷን ሳታስደግፍ ተጓዘች። ለምን እንደምትሄድ ስጠይቃት በጥያቄው ተገረመች።

«ሻደይ ነዋ! ሻደይ ደርሶ እንዴት አዲስ አበባ ይዋላል?»

ሰቆጣ ስንገባ መሽቶ ነበር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ግድም ላይ፣ ተራሮች በከበቡት ቦታ የተቀመጠች ናት። ጥንት አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው ጨው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ከሚከፋፈልባቸው ታላላቅ ገበያዎች አንዱ እዚህ ይቆም ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያለፉባት አውሮፓውያን መንገደኞች ስሟን የጻፉት ስለ ገበያዋ ነው። እንግዳ መቀበል እንግዲህ ለሰቆጣ አዲስ ሥራ አይደለም። ሲራራ ነጋዴው ይራገፋል፣ ያድራል፣ ከብቱን ያጠጣል፣ ይገበያያል። ዛሬ ቱሪዝም የምንለው ሥራ ጓዙ ተለወጠ እንጂ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

«አልጋ አለ?» ብዬ የጠየቅሁባቸው ቤቶች ሁሉ «ሞልቷል» አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ባጃጅ ነጂ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደኝ። እትዬ የልጆቻቸውን ክፍል ለቀው፣ አንሶላ ዘርግተው፣ እግሬን የምታጠብበት ውኃ አቀረቡልኝ። ስለ ዋጋ ስጠይቃቸው «እሱን ስትሄድ እናወራለን፤ አሁን ብላ» አሉ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላሁ፤ ጾሙ ገና አልተፈታም ነበር። ሌሊቱን ከሰፈሩ አራት ማዕዘን የከበሮ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ልጃገረዶቹ እየተለማመዱ ነው።

ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ይፈታል፤ በዚያው ቀን ሻደይ ይጀመራል። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በዓል በዋግ ሻደይ ነው። ልጃገረዶቹ የሻደይን ቅጠል በወገባቸው ያስራሉ፤ ሲጨፍሩ ቅጠሉ ከቀሚሳቸው ጋር ይወዛወዛል። መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ከዚያ በየቤቱ፣ በየአደባባዩ እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ግጥሙ በአማርኛም፣ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጥኛም ይወርዳል። የተመሰገነው ሰው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ ያላወቀበትን ደግሞ በግጥም ይሸነቁጡታል።

በእነዚያ ቀናት የከተማዋን ሥራ ተመለከትሁ። ሹሩባ ሠሪዎቹ ደጃፍ ላይ ወረፋ አለ። ልብስ ሰፊው ሌሊቱን ሙሉ ፔዳሉን ሲረግጥ አድሯል። ፎቶ አንሺው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ጠላ ቤቱ፣ ማር ነጋዴው፣ ሥጋ ቤቱ ሁሉም እጁ ሙሉ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች የሚመለሱት የዋግ ማር በጄሪካን ይዘው ነው። በአደባባዩ ዳር ጥቂት የውጭ አገር ሰዎች ካሜራ ይዘው ቆመው አየሁ፤ የክብር እንግዳ ወንበር ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ከተማዋን የሞላት፣ አልጋውን የጨረሰው፣ ማሩን የገዛው ግን የአገሩ ልጅ ነበር።

ስለ ገጠር ቱሪዝም ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንስተው ይኼን ይመስለኛል። ዞንም ሆነ ወረዳ የቱሪዝም ዕቅድ ሲጽፍ የመስሕብ ዝርዝር ያስቀድማል፦ ይህን ያህል ገዳም፣ ይህን ያህል ዋሻ፣ ይህን ያህል ፏፏቴ። ቀጥሎ ቱሪስት ይጠበቃል። ቱሪስት ሲባል በሐሳባችን የሚመጣው ዶላር የያዘ የሩቅ ሰው ነው። ዋግ ግን ገና ያልመጣውን እንግዳ ስትጠብቅ፣ በየዓመቱ የሚመጣውን እንግዳ አልቆጠረችውም። የክብረ በዓሉ ሰው፣ ተሳላሚው፣ ዘመድ ጥየቃ የሚመጣው፣ ለስብሰባና ለምርምር የሚመላለሰው ሁሉ እንግዳ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያድራል። አልፎ የሚሄድ መኪና ለከተማ የሚተውላት የአንድ ስኒ ቡናና የአንድ ጠርሙስ ውኃ ዋጋ ነው። ያደረ ሰው ግን እራት ይበላል፣ ቁርስ ይበላል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ማር ይገዛል፣ ልብሱን ያሳጥባል፤ ገንዘቡም ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ የአንድ አካባቢ ቱሪዝም መለኪያ ምን ያህል የሚታይ ነገር አለው የሚለው ሳይሆን፣ ሰው ስንት ሌሊት ያድርበታል የሚለው ነው።

በበዓሉ ማግስት ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄድሁ። ከሰቆጣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ይገኛል። ባጃጁ የሚደርስበት ድረስ ሄዶ አወረደን፤ ቀሪውን በእግር ተጓዝን። የመራኝ የመሰናዶ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ ከፊሉ ከተራራው አልተላቀቀም። የአካባቢው ትውፊት ከላሊበላ ሥራዎች በፊት ያስቀምጠዋል። ላሊበላ ላይ የማይገኘው ነገር ጸጥታው ነበር፤ ወረፋ የለም፣ ጫማ ጠባቂ የለም፣ መጠለያ ጣሪያ የለም።

ቁልፍ ያዡ አባም አልነበሩም። ወጣቱ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ተጣራ። እረኛ መለሰለት፤ ያኛው ወደ ሌላው አስተላለፈ። አባ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ ሊጠይቁ ሲሉ አፈርሁ፤ ሳልነግራቸው የመጣሁት እኔ ነኝ። ወጣቱ በዝቅተኛ ድምፅ «ጋሼ፣ ከላሊበላ በመኪና መጥተው ቁልፍ ሲያጡ የሚመለሱ አሉ» አለኝ። የገጠር ቱሪዝም ከመንገዱ ቀጥሎ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ ስልኩ ይሠራ እንደሆነ፣ የገባው ገንዘብ በደረሰኝ ይመዝገብ እንደሆነ፣ ለሰበካ ጉባኤው ስንት፣ ለመሪው ስንት እንደሚደርስ ካልተወሰነ የተራቀቀ ማስታወቂያ ምንም አይፈይድም። ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ታላቅ በጀት አይደለም፤ አንድ መዝገብ፣ አንድ ተረኛና በሁለቱ ወገን የተፈረመ ስምምነት ነው።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይፈርሱ ደርቀው የቆዩ የዋግ ሹማምንት አስከሬኖች አሉ። የጉዞ መጻሕፍት ስለ ቦታው ሲጽፉ የሚያስቀድሙት ይህንን ነው። አባ ጧፋቸውን ከፍ አድርገው ቆሙና ካሜራዬን አዩ።

«ልጄ፣ ሥዕሉን አንሣ፣ ድንጋዩን አንሣ። እነዚህ ግን የሰው አያቶች ናቸው።»

ካሜራውን ከተትሁት። እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ ሰው የአባን ቃል አያቃልልም። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛግዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን ከዛግዌ ከተረከበ በኋላም ዋግሹሙ በትውፊት የጸና ክብር ነበረው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የሚቀመጥ፣ ነጋሪት የሚያስጎስም ሹም ነው። ከዚህ ቤት የወጡት ዋግሹም ጎበዜ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ሐምሌ ዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት ጦር እስኪሸነፉ ድረስ። ዋግሹም ጓንጉል ዓድዋ ዘምተዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጣሊያን ወረራ ዘመን የዋግንና የላስታን አርበኞች መርተው በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ወድቀዋል፤ ጣሊያኖቹ አንገታቸውን ቆርጠው ለሕዝብ ማስፈራሪያ አድርገውታል። ይህን የመሰለ ታሪክ ያለው ቤት አስከሬኑ ለጉጉት ማርኪያ ብቻ ቢታይ፣ ጎብኚው የሚወስደው ፎቶ እንጂ ታሪክ አይሆንም። ብርሃን፣ ትንፋሽና የሰው እጅ ያገኘው አስከሬን ደግሞ አይሰነብትም። ቱሪዝምን ማልማት የምናሳየውን መምረጥ ብቻ ሳይሆን የማናሳየውን መወሰንም ነው፤ ውሳኔውም ለአባና ለምእመኑ እንጂ ለአስጎብኚ ድርጅት የሚተው አይደለም።

ስንመለስ ከወጣቱ ጋር ብዙ ተጨዋወትን። የሰቆጣ ስም በውጭ ሲነሣ ምን እንደሚሰማው ጠየቅሁት። «ሲጠሩን ሁልጊዜ ከረሃብ ጋር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዓለም ያየው የኮረም መጠለያ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ የዋግ ሰው ብዙው እዚያ ወርዶ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። መልካም ቃል ነው፤ ቢሆንም የከተማዋ ስም በዓለም መድረክ የተጻፈው አሁንም በጎደላት ነገር ነው። ወጣቱ የሚፈልገው ሰቆጣ ባላትም እንድትጠራ ነው።

ያላትንም ዘረዘረልኝ። አበርገሌ ፍየል አለ፤ በወተቱና በሥጋው የተመሰከረለት ዝርያ ነው። ማሩ አለ። የሰቆጣ ግብርና ምርምር ማዕከል በደረቅ አገር የሚሆነውን ዘርና እንስሳ እያጠና ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከኋላው ያስተኛው ሐይቅ እስከ ዋግ ቆላ ዘልቆ ገብቷል፤ ቆላው ላይ ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ ወጣቶች ተደራጅተው ዓሣ አጥማጅ ሆነዋል። ሰቆጣ ላይ የተከዜ ዓሣ ጥብስ በላሁ፤ በአያቶች ዘመን ያልታሰበ ምግብ ነው። ከሰቆጣ በአበርገሌ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ዓቢይ ዓዲ የሚወጣው መንገድ ደግሞ አለ። በዚያ መንገድ ላሊበላን ከተምቤንና ከገርዓልታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር የሚያያይዙ፣ ቦርሳቸውን ተሸክመው የሚጓዙ ፈረንጆች በዚያ ዘመን ብቅ ብቅ ይሉ ነበር። ካርታውን ያየ ሰው የሰቆጣን ዕድል ወዲያው ይረዳል፤ በሁለቱ ታላላቅ የአለት አብያተ ክርስቲያናት አገሮች መካከል ማደሪያዋ እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እትዬ ቤት ውኃ በጄሪካን ነበር የሚቀዳው። ለእንግዳ የሚፈሰው የሻወር ውኃ ከማን ማሰሮ ይቀነሳል? ዝናብ ባጣ አገር ሆቴል መሥራት ከጎረቤት ጋር ውኃ መሻማት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ ማሽላው በከሸፈበት ዓመት አለቱ አይከሽፍም፤ ከበሮውም ዝናብ አይጠብቅም። ከእርሻ ሌላ ገቢ ያለው ቤት ፍየሉን በርካሽ ሸጦ ከመራቆት ይድናል። ሁለቱን ያስታረቀ ምሳሌ ከዋግ ብዙም ሳይርቅ፣ በመቄት ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዚያ የተጀመረው፣ ቴስፋ በሚባል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ታላቅ ሆቴል አልሠራም። ገበሬዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ቀለሱ፤ እንግዳው ከጎጆ ወደ ጎጆ በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይጭንለታል፣ ምግቡን የመንደሩ ሴቶች ይሠሩለታል፣ ገቢውም ወደ ማኅበሩ ይገባል። ብዙ ውኃ የማይጠጣ፣ ብዙ ሌሊት የሚያሳድር አሠራር ነው። የዋግ ተራራዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ የተነጋገርነው ከጦርነቱ በፊት ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ላሊበላንም ሰቆጣንም አዳረሳቸው፤ ሁለቱም ለወራት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆዩ። የተከዜ ማዶ መንገድ ተዘጋ። የአበርገሌና የዝቋላ ወረዳዎች ተፈናቃዮች ሰቆጣ ገብተው ለረጅም ጊዜ በመጠለያ ተቀመጡ። እንግዳ የለመደች ከተማ እንግዳ ተቀበለች፤ እነዚህኞቹ ግን አንሶላ ተዘርግቶላቸው የሚያድሩ አልነበሩም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በዋግ ላይ ደግሞ ድርቅ ተደረበ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ላሊበላ ለሰቆጣ ትልቅ ትምህርት ናት። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ አውሮፕላን አላት፣ ሆቴል አላት፣ ከውጭ ጎብኚ 50 ዶላር መግቢያ ታስከፍል ነበር። በመጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት የሩቁን እንግዳ ሲያስቀርባት አስጎብኚው ሥራ ፈታ፣ ብዙ ሆቴል በሩን ዘጋ። መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር ግን ለገና የሚመጣው ነጭ ለባሽ ተሳላሚ መጣ። እሱ የሚያድረው በድንኳንና በዘመድ ቤት፣ አንዳንዴም በሜዳ ላይ ነበር፤ ሆቴሎቹ ለእሱ አልተሠሩማ። በሩቅ እንግዳ ብቻ የቆመ ከተማ አንድ በረራ ሲቋረጥ ይንገዳገዳል።

ሰቆጣ ገና ምንም አልሠራችምና ይህን ስሕተት ሳትደግም የመጀመር ዕድል አላት። ሻደይን፣ አሸንድዬን፣ አሸንዳንና ሶለልን በዩኔስኮ ለማስመዝገብ የተጀመረው ጥረት ፍሬ ሲያፈራ የውጭ ሰው ዓይን ይመጣል፤ ቢመጣ መልካም ነው። እስከዚያው ግን መሠራት ያለበት ሥራ ግልጽ ነው። ከሁሉ በፊት ሰላም፤ ያለ እሱ የቀረው ሁሉ የወረቀት ወሬ ነው። ከዚያ የአውራ ጎዳናው ጥገናና የከተማዋ ውኃ፤ ሁለቱም ለነዋሪው የሚሠሩ ናቸው፣ እንግዳው ተጠቃሚ የሚሆነው እነሱን አስታክኮ ነው። ቀጥሎ የእትዬን የመሰሉ ቤቶች ንጽሕናቸውና ዋጋቸው ታይቶ ለበዓል ሰሞን የሚመዘገቡበት ሥርዓት። በየደብሩ ተረኛ ቁልፍ ያዥና ደረሰኝ። ኽምጥኛ ለሚናገሩ ወጣቶች የአስጎብኚነት ሥልጠና፤ ታሪኩን ከባለቤቱ አፍ የሚሰማ እንግዳ አንድ ሌሊት ይጨምራልና።

ከእትዬ ቤት ስወጣ ሒሳብ አነሣሁ። ባልተጋነነ ዋጋ ተስማማን፤ ስልካቸውንም ሰጡኝ። ለከርሞ ሦስት ጓደኞቼ ቢመጡ ያስተናግዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና በጓሮ አንዲት ክፍል ለመጨመር ድንጋይ እያሰባሰቡ መሆኑን፣ የቸገራቸው ቆርቆሮው መሆኑን ነገሩኝ። የዋግ የቱሪዝም ዕቅድ የትም ይጻፍ የት፣ የመጀመሪያው ገጹ ለእንዲህ ያለችው ቤት ቆርቆሮ የሚሆን አነስተኛ ብድር ከየት እንደሚመጣ ካልተናገረ፣ የተቀረውን ገጽ ማንበብ አያስፈልግም።